ወርቃማው ዕድሜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው

«ኢንሺራህዬ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፤ እዚህ ንፋስ የለም። እናንተ ሰፈር ማዕበሉ እንዴት አደረ? እኛ ዘንድ መስኮቱን ሲደበድብ አድሮ ዓይኔን አልከደንኩም። ዓሣውም አብሮ ጠፋ። ጠዋት ገበያ ወርጄ ያገኘሁት ሁለት ቀጫጭን፣ እነሱም እንደኔ እንቅልፍ ያጡ የሚመስሉ… ተይው። ይልቅ ይሄን ወንበር እይልኝ! ለስላሳ! መደገፊያው! ለካ ቤተ መጻሕፍታችን እንዲህ ያለ ወንበር ኖሮታል? የት ከርሞ ነው?… ብቻ እንግዳ ይብዛልን። እንግዳ ሲመጣ የኛም ወገብ ያርፋል።»

‹ሐጋ› በአገሩ ለትልቅ ሴት የክብር መጠሪያ ነው፤ ሐጋ ዳውላት ይህን ያሉት ጮክ ብለው ነው። ጮክ የሚሉበት ምክንያት ነበራቸው፤ ወዳጃቸው ሐጋ ኢንሺራህ ጆሯቸው ከከበደ ቆይቷል። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ እሱ ደግሞ ከፊታቸው ባለው ረድፍ፣ እጃቸውን ቢዘረጉ በሚነኩት ርቀት፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀምጧል።

እስክንድርያ ውስጥ፣ አንፉሺ በሚባለው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ያለው ይህ ቤተ መጻሕፍት ያን ሐሙስ ጠዋት አምሮበታል። ወለሉ ታጥቧል፣ ጠረጴዛው ላይ ብስኩትና ሻይ ተደርድሯል። በፊተኛው ረድፍ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የአረጋውያን አንባቢዎች አገልግሎት ኃላፊ ናት፤ ዕለቱም የእሷ ነው፤ ልትሸለም ነው። ስሟን ሐጋ ዳውላት ያን ቀን አንዴም ስላልጠሩት እኛም አንጠራውም፤ ኃላፊዋ እንበላት። ሁለተኛዋ ከካይሮ የመጣች ተቆጣጣሪ ናት። ኃላፊዋ በመላ አገሪቱ የአረጋውያን አገልግሎት አለቃ ሆና ካይሮ ትግባ አትግባ የሚለውን በዓይኗ አይታ እንድትጽፍ ተልካለች። አረጋውያኑ የተጠሩት እንዲያጨበጭቡ ነው። ዳይሬክተሩ ስለዘገየ ግን ፕሮግራሙ አልተጀመረም፣ ሰዉም ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ሐጋ ዳውላት ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ድምፃቸው የት ድረስ እንደሚሄድ ያውቃሉ።

«እኔ የምልሽ ኢንሺራህ፣ ደማንሁር ከተማ ስላለችው ባለሙያ ነግሬሻለሁ? አልነገርኩሽም? የእህቴ ልጅ ጎረቤት ናት። ውይ፣ እንዴት ያለች ልጅ መሰለችሽ! እንደኛው ያለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምትሠራው። እንጀራዋም ሽማግሌና አሮጊት ነው… ሌላ ሰው ሽማግሌ ሲያይ ወንበር ይለቃል አይደል? እሷ ሽማግሌ አይታ ወንበር ያዘች። ጎበዝ ናት፤ ምቀኛ አይያት።

«የወረቀቷ ብዛት! ስለ እርጅና ያልተማረችው የለም። አማን ሄዳ ተማረች፣ ቱኒስ ሄዳ ተማረች፣ ባሕር ማዶ ተሻግራ ደግሞ ስለኛ ተናግራ መጣች። ስለኛ ማለቴ… ስለ ደማንሁር ሽማግሌዎች። እነሱው ዘንድ ለመምጣት ብቻ ነው ጊዜ ያጠራት። ታዲያ ይፈረድባታል? ሰው ተረጋግቶ ስለ ሽማግሌ ሲያጠና፣ ሽማግሌ መሃል ገብቶ ‹መጽሐፍ ስጪኝ› እያለ ቢያውከው ደስ ይለዋል?»

ኃላፊዋ የሻሿን ጫፍ አስተካከለች። ሐጋ ኢንሺራህ የሰሙትንም ያልሰሙትንም በአንድነት ራሳቸውን በመነቅነቅ ያጸድቃሉ።

«ፍቅሯስ? ስታናግራቸው እጇን እያጨበጨበች ነው። ‹ዛሬ ማነው ጎበዝ? ማነው ቁርሱን ጨርሶ የበላ?› ትላቸዋለች። አንድ የጡረታ ዳኛ አሉ እዚያ፤ ዕድሜያቸውን ችሎት ላይ የጨረሱ። አንድ ቀን ሄደው የታሪክ መጽሐፍ ጠየቁ። ምን ብትሰጣቸው ጥሩ ነው? ጥንቸል! አዎ፣ የጥንቸል ሥዕልና ስድስት የቀለም እርሳስ። ‹አእምሮ ያድሳል› ብላ። ዳኛውም ጨዋ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም። ቁጭ ብለው ጥንቸሏን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ በጥቁር ቀቧትና ከሥሯ ‹ይግባኝ የለውም› ብለው ፈረሙ። እሷ ቅር አላት መሰለሽ? ግድግዳ ላይ ሰቀለችው… ‹የአረጋውያን ፈጠራ› ብላ።»

ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሳል የሚመስል ሳቅ አመለጣቸው። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው መሐረብ ፈለጉ።

«ትልልቅ ፊደልም አስገብታላቸዋለች እኮ! ዓይኑ ለደከመ ማለት ነው። በትልቅ ፊደል የታተመ መጽሐፍ… እሱ ገና ነው። በሩ ላይ ግን ስሟና ማዕረጓ በትልቅ ፊደል ተጽፏል። እኔ ራሴ ያለ መነጽር ከመንገድ ማዶ ሆኜ አነበብኩት። ደማንሁር ስሄድ ማለቴ ነው።

«ክብራቸውን ደግሞ ከፍ አድርጋላቸዋለች። ድሮ የሚቀመጡት ምድር ቤት፣ ከበሩ ገባ ብሎ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ነበር። ‹ይሄማ ለእናንተ አይመጥንም› አለችና ሦስተኛ ፎቅ አወጣቻቸው። ‹ወርቃማው ዕድሜ› የሚል ስምም አወጣችለት። የምድር ቤቱ ክፍል ታዲያ ባዶውን ይቀመጥ? ለራሷ ቢሮ አደረገችው፤ የማይመጥነውን ችላ ተቀበለች እኮ ነው የምልሽ! ሊፍቱ?… አለ እንጂ፣ እንዴት አይኖርም! ‹በቅርቡ ይጠገናል› የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ሲያረጅ በአዲስ ይቀየራል፤ ችላ አላለችውም። ደረጃው ሰባ ሁለት ነው። ‹መውጣት ለልብ ጥሩ ነው› ብላቸዋለች፣ ተምራለችና ታውቃለች። ላይ የደረሰ ሰው ግን መጽሐፍ አይጠይቅም፤ ውሃ ነው የሚጠይቅ። ስለዚህ መጽሐፎቿ አያረጁም። የሚያረጀው አንባቢው ብቻ ነው።»

ተቆጣጣሪዋ እስካሁን ስልኳን እያየች ነበር። አሁን ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ራሷን ትንሽ ዘንበል አደረገች። ኃላፊዋ ወደ በሩ አየች። ዳይሬክተሩ የለም። ወደ ኋላዋ ዞራ አንድ ነገር ልትል ፈለገች፤ ግን ምን ትላለች? የሚወራው ስለ ደማንሁር ነው። ተነክቻለሁ ያለ ሰው እሱው ራሱ መሆኑን ተናገረ ማለት ነው። ስለዚህ ፈገግ እንዳለች ቀረች።

የሐጋ ዳውላት ድምፅ እዚህ ላይ ወረደ። ሐጋ ኢንሺራህ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተጠጉ፤ የፊተኛው ረድፍም ሳይንቀሳቀስ የተጠጋ መሰለ።

«አንዲት ሌላ ሴት ደግሞ ነበረች እዚያ። ሰዉ ሁሉ እንደ ታላቅ እህት ‹አብላ› የሚላት። ይቺኛዋ እንኳ አልተማረችም፤ ማለቴ ስለኛ አልተማረችም፤ መጽሐፍ ማደል ብቻ ነው የምታውቀው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቤት መውጣት ላልቻለ ሰው ሁሉ መጽሐፍ በከረጢት አድርጋ፣ በትራም፣ ትራም በማይደርስበት በእግሯ… አንዱን ማን እንደሚወድ፣ ሌላውን ማን እንደሚፈራ በልቧ የያዘች። ባሏ የታመመባት አንዲት ሴት ነበረች፤ ሁለት ዓመት ከአልጋው ሥር ያልተነሣች። አብላ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ለሴትዮዋ ልብ ወለድ፣ ለሕመምተኛው የባሕር ጉዞ። ሰውየው የሞተ ለት ደግሞ መጽሐፍ ሳትይዝ መጣች። መቼ መጽሐፍ እንደማይያዝ እንኳ ታውቅ ነበር… ግን ይሄ ሙያ ነው? ወረቀት አለው? የለውም። ስለዚህ ባለሙያችን አዘነችላትና አሳረፈቻት። ከረጢቱን ተቀብላ፣ ከምድር በታች፣ የተቀደዱ መጽሐፎች የሚቀመጡበት ክፍል አስገባቻት። ጸጥ ያለ ቦታ ነው። መስኮት እንኳ የለውም፣ የሚረብሽ ነገር እንዳይገባ።»

አብላ ሰሚሓ በዚያች ሰዓት ከእነሱ እግር ሥር፣ ከወለሉ በታች ነበረች። ለበዓሉ አልተጠራችም። ያቺ ባሏ የታመመባት ሴት ሐጋ ዳውላት ራሳቸው እንደሆኑ በአዳራሹ ውስጥ ካሉት አረጋውያን የማያውቅ አልነበረም።

አብዛኞቹ የማያውቁት አንድ ሌላ ነገር ግን ነበር። ከረጢቱ እንዲቀር የተጻፈ ወረቀት ነበር። ‹እኛ አረጋውያን አንባቢዎች ዘመናዊ አገልግሎት እንፈልጋለን› ይላል፤ ከሥሩ ስምንት ፊርማ አለበት። የመጀመሪያው የሐጋ ዳውላት ነው። ኃላፊዋ በመጣች በሳምንቷ ‹የቤተ መጻሕፍታችን ንግሥት› ብላ ጠርታቸው፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ፎቶ አነሣቻቸው። ከዚያ ወረቀቱን አቀረበችላቸው። በዕድሜያቸው ንግሥት ብሎ የጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ሳያነቡ ፈረሙ። ሕይወቷን ሁሉ ስታነብ የኖረች ሴት፣ አንድ ገጽ ሳታነብ ፈረመች። ያን ፎቶ ኃላፊዋ አሁን በየጉባኤው እያሳየችው ነው። ሐጋ ዳውላት ማታ ማታ ይህ ትዝ ሲላቸው፣ ብቻቸውን ሆነው እንኳ ፊታቸውን በሻሻቸው ይሸፍናሉ። ዛሬ በሌላ ሰው ላይ የሚወረውሩት ነገር ግማሹ የሚያርፈው በራሳቸው ላይ ነበር።

ትንፋሽ ወሰዱና ቀጠሉ።

«ከረጢቱን ለምን አስቀረችው ብትዪ፣ ለሰዎቹ አስባ ነው። ‹መጽሐፍ ቤት ድረስ ሲመጣላቸው ይሰንፋሉ፤ ይምጡ፣ ይንቀሳቀሱ፣ የጎብኚ ቁጥር ይጨምር› አለች። እውነትም ጨመረ። አንድ ሪይስ አሉ እዚያ፤ ሪይስ ዐወድ። ትልልቅ መርከብ እየመሩ ወደብ ሲያስገቡ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል። አብላ ሰው ያነበበው መጽሐፍ በካሴት ታመጣላቸው ነበር፤ ካሴቱ ገና ተቀድቶ ያላለቀ ከሆነ ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ራሷ ታነብላቸዋለች። ከረጢቱ ሲቀር ሪይስ አንድ ወር ጠበቁ። ‹ታማ ይሆናል› አሉ። ሁለተኛውን ወር ‹ልጠይቃት› ብለው ተነሡ። ግድግዳ እየዳበሱ፣ ሰው እየጠየቁ ቤተ መጻሕፍቱ ደረሱ። ‹አረጋውያን ላይ ናቸው› ተባሉ። ወጡ… መርከብ በጭጋግ ያስገቡ ሰው፣ ደረጃ ያቅተኛል ብለው ያስባሉ? ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። አራት ሰው በቃሬዛ አወረዳቸው… የዚያ ወር ሪፖርት ላይ ‹የጎብኚ ቁጥር አደገ› ተብሎ ተጻፈ። ውሸት እንዳይመስልሽ! ሪይስንም ቆጥራለች፣ ቃሬዛ የያዙትን አራቱንም ቆጥራለች። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከየት ይገኛል?»

ተቆጣጣሪዋ ከነወንበሯ ዞረች። ፊት ለፊት ሐጋ ዳውላትን እያየች፣ በትሕትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ደማንሁር ውስጥ መርከብ የሚገባው በየት በኩል እንደሆነ። ደማንሁር ከባሕር ርቃ በጥጥ ማሳ መሃል ያለች ከተማ ናት።

«እውይ! እመቤቴ፣ ይሰሙኝ ኖሯል እንዴ? እኔ እኮ ለዚች ጆሮዋ ለከበዳት ጓደኛዬ ነው የማወራው… እውነትዎን ነው፣ ደማንሁር ባሕር የላትም! እርጅና ነው። ባሕሩን ከየት እንዳመጣሁት እኔም እንጃ። ከመስኮቱ በዚህ በኩል ይታየኝና ነው መሰለኝ… ይቅር ይበሉኝ፤ ወርቃማው ዕድሜ ላይ ስንደርስ እንዲህ ያደርገናል። ብስኩት ይውሰዱ፣ የዛሬ ነው። ዛሬ ሁሉም ነገር የዛሬ ነው።»

ተቆጣጣሪዋ ብስኩት አልወሰደችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ኃላፊዋ ተከትላት ልትነሣ ስትል ዳይሬክተሩ ይቅርታ እየጠየቀ ገባና እጇን ያዘ፣ እንኳን ደስ አለሽ አላት፤ ስለዚህ ተመልሳ ተቀመጠች። ከውጭ፣ ከደረጃው ላይ፣ የጫማ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መጀመሪያ ፈጣን ነበር። ከዚያ ዘገየ። ከዚያ ቆመ፤ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ መሆን አለበት። እንደገና ጀመረ። አረጋውያኑ አንገታቸውን ወደ ጣሪያው አቅንተው ያዳምጣሉ። ሐጋ ኢንሺራህ ብቻ ምን እንደሚሰማ አልገባቸውም፤ እሳቸውም ግን ጣሪያውን አዩ።

ተቆጣጣሪዋ ስትመለስ ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ ነው። በእጇ ደግሞ ጥቁር ጥንቸል ይዛለች። ከጥግ ያሉት ሽማግሌ ያን ጊዜ መሐረቡን ተዉትና በግልጽ ሳቁ።

ጭብጨባው ተደረገ፤ የተጠራ እንግዳ ያጨበጭባል። ሽልማቱ ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ ተባለ። ተቆጣጣሪዋ ከመሄዷ በፊት ከምድር በታች ወዳለው ክፍል ወርዳ አብላ ሰሚሓን ለረጅም ሰዓት አነጋገረቻት።

ከዚያ ምን ሆነ? መንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሚሆነው ሆነ። ተቆጣጣሪዋ ያየችውን አንድም ሳታስቀር ጻፈች። በካይሮ ያሉ አለቆች አነበቡት፣ ተጨነቁበት፣ ተሰበሰቡበት። በመጨረሻም ኃላፊዋን ከአረጋውያኑ ማራቅ ይሻላል ብለው ወሰኑ። ለማራቅ ደግሞ ያገኙት ቦታ አንድ ነበር፤ ሹመቱ። ካይሮ፣ ሰፊ ቢሮ፣ ረጅም ማዕረግ፣ አንድም ሽማግሌ የማይገባበት ሕንጻ። ዜናው አንፉሺ ሲደርስ ዳኛው አለቀሱ ይባላል፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አልታወቀም።

የምድር ቤቱ ቢሮ ስለተለቀቀ ግን ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ለአረጋውያኑ ተመለሰ። አብላ ሰሚሓም ከረጢቷን ይዛ ወጣች። የመጀመሪያው ማክሰኞ ሐጋ ዳውላት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጠበቋት። አብረዋት ወደ ሪይስ ዐወድ ቤት ጥቂት እንደሄዱ፣ መንገድ መሃል ቆሙ።

«ሰሚሓ… አንድ ነገር አለብኝ። ያን ወረቀት… ከረጢቱን ያስቀረውን… የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። ንግሥት ተብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ብፈልግም አጣሁ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ለሁለት ክንድ ያህል እንኳ የሚሰማ አልነበረም። ሰሚሓ ታውቅ ነበር። ወረቀቱን ያኔውኑ አሳይተዋታል፤ የሐጋ ዳውላትን ፊርማ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመጽሐፍ ውሰት ካርድ ላይ ስታየው የኖረች ናት። ከረጢቱ ሁለት ማንጠልጠያ ነበረው፤ አንዱን ለሐጋ ዳውላት ሰጠቻቸውና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሪይስ አልጋቸው ላይ ሆነው የእግሯን ኮቴ ከደጅ ለዩት፤ ሁለተኛው የማን እንደሆነ ግን ጠየቁ።

ኃላፊዋ ዕቃዋን ጠቅልላ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። አረጋውያኑ ፀሐዩ ሥር ተቀምጠው ሲያነቡ በሩ ላይ ቆመች። እንደ ልማዷ እጇን ልታጨበጭብ አነሣች፤ ከዚያ ምን እንደታሰባት እንጃ፣ መልሳ አወረደችው። ልሰናበታችሁ መጣሁ አለች። ማንም አልተነሣም። ሐጋ ዳውላት ግን መጽሐፋቸውን አጥፈው፣ የወንበሩን ክንድ ተደግፈው፣ ቀስ ብለው ተነሡ። ጉንጭና ጉንጯን ሳሟት። እጆቿንም በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንዲያው ልትሄጂ ነው ልጄ? እኛማ አሮጌ ሰዎች ምን አለን፤ ምርቃት ነው ያለን… አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። የኛን ዕድሜ ደርሰሽ አልፈሽው ሂጂ። ፀጉርሽ ነጥቶ፣ ጉልበትሽ ደክሞ፣ ዓይንሽ ፊደል መለየት ሲያቅተው… ያን ጊዜ የምትንከባከብሽን ሰው አያሳጣሽ። እንዳንቺ የተማረች፣ እንዳንቺ አረጋዊ የምትወድ… አንቺ ለኛ የሆንሽልንን ሁሉ፣ ምንም ሳታጎድል፣ ትሁንልሽ። አሚን በዪ እንጂ ልጄ… አሚን በዪ።»